የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ

ሕፃን ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ ይሸናል። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀንና በሌሊት እስከ 10 ጊዜ ጨርቅ ሊቀየርለት ይችላል። ከፍ ሲል 6 ጊዜ ያህል ይበቃዋል። እናቶቻችን ለዚህ ሥራ ያረጀ ነጠላ ወይም አቡጀዲ ቀደው ይጠቀሙ ነበር። ዛሬም ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ።

አሁን ግን ሌላ ነገር በገበያው መጥቷል። ዳይፐር ይባላል። ብዙ ሰው «ፓምፐርስ» ይለዋል፤ ፓምፐርስ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ስም ነው። ዳይፐር አንድ ጊዜ ያገለግልና ይጣላል። አይታጠብም። አራስ ሊጠይቅ ከከተማ የመጣ ዘመድ አንድ እሽግ ይዞ ይመጣል። እናትየዋም ደስ ይላታል። ደስ ቢላት አይፈረድባትም፤ ጨርቅ ማጠብ ሥራው ብዙ ነው። እሽጉ ሲያልቅ ግን ጥያቄው ይመጣል። ሌላ እንግዛ ወይስ ወደ ጨርቁ እንመለስ?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የአንዱ ዳይፐር ዋጋ 15 ብር ነው እንበል። ልጁ በቀን 6 ዳይፐር ከፈጀ 90 ብር ይሆናል። ይህ በወር 2,700 ብር ነው። ልጁ ሽንቱን ለይቶ እስኪናገር ሁለት ዓመት ቢፈጅ 4,380 ዳይፐር ያስፈልጋል። ዋጋው 65,700 ብር ይሆናል። በእናንተ ገበያ ዋጋው ሌላ ከሆነ በዚያው አባዙት። ከዚያ ይህ ገንዘብ በቤታችሁ ምን እንደሚሠራ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ አስቡት።

ውድ መሆኑ ሌላም ጣጣ ያመጣል። ዳይፐር በውስጡ ሽንት የሚመጥ ዱቄት አለው። ዱቄቱ ሽንቱን ሲመጥ እንደ ሙቅ ይወፍራል። ስለዚህ ላዩ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። እናትየዋ «ገና ነው፣ ይቆይ» ትላለች። ገንዘቧን ለመቆጠብ ብላ ከጠዋት እስከ ማታ ትተወዋለች። በዚህ ጊዜ የልጁ ገላ ይቀላል፤ ይላጣል፤ ልጁ ያለቅሳል። ጨርቅ ግን ሲረጥብ ወዲያው ይታወቃል። እርግጥ ነው፣ እርጥብ ጨርቅም ሳይቀየር ከቆየ ገላ ይልጣል።

ዳይፐሩ ከተጣለ በኋላስ የት ይሄዳል? አብዛኛው ክፍሉ ፕላስቲክ ነው። እንደ ፍግ በስብሶ አፈር አይሆንም። ሜዳ ላይ ሲጣል ውሻ ይጎትተዋል፤ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ከብት ላስቲክ ከበላ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ሽንት ቤት ውስጥ ቢጣል ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ቢቃጠል ጭሱ ለጤና ጎጂ ነው።

እንግዲህ ጨርቅ ይሻላል ብለናል። ነገር ግን ጨርቅ የሚሻለው በደንብ ሲታጠብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት አለ። አንዳንድ አያት፣ «የሕፃን ሰገራ ምን አለው? ወተት እኮ ነው!» ትላለች። እውነት አይደለም። የሕፃን ሰገራም ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ይይዛል። ዓይን የሚያጠፋውን የትራኮማ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብም የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው። ዝንብ የትልቁን ከትንሹ አትለይም።

አጠባው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰገራውን ከጨርቁ ላይ ጠርጎ ሽንት ቤት መጣል ነው። ቀጥሎ ጨርቁን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ሙቅ ውሃ አስቀድሞ ከነካው እድፉ ይይዛል፤ አይለቅም። ከዚያ በሳሙና አሽቶ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ይገባል። የቀረ ሳሙና ገላ ያሳክካል። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ጨርቁን ማፍላት ያስፈልጋል። እጣቢው ሽንት ቤት ይደፋ እንጂ ምንጭ ወይም ወንዝ ውስጥ አይደፋ። በመጨረሻም እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም በአመድ መታጠብ ነው።

ሳሙና በማይገኝበት ጊዜ በእንዶድ የሚያጥቡ አሉ። እንዶድ ልብስ ያነጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ በሽታ ማስተላለፊያዎች ናቸው። በዚህ ምርምር ትልቅ ስም አገኙ። ቢሆንም እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ስለዚህ የሕፃን ጨርቅ በእንዶድ ከታጠበ በሳፋ ውስጥ ይሁን፤ አብዝቶም ይለቅለቅ።

የታጠበው ጨርቅ ፀሐይ ላይ በገመድ ይሰጣ። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ተሕዋስም ይገድላል። ሣር ወይም መሬት ላይ አይዘርጋ። በአፍሪካ ሞቃት አካባቢዎች እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች። ትሉ የሰው ቆዳ ውስጥ ይገባና እንደ እባጭ ያብጣል። ካውያ ያለው ቤት ጨርቁን ቢተኩሰው እንቁላሉ ይሞታል።

ለአንድ ልጅ 20 ያህል ጨርቅ ይበቃል። ውሃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ሲታሰር ከእትብቱ በታች መሆን አለበት፤ ያልደረቀ እትብት ሽንት እንዳይነካው። እግሮቹንም አጥብቆ ማሰር አይገባም። ልጁ እንደ ልቡ ያንፈራግጥ።

ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ቅርብ ካልሆነ ጨርቅ ይሻላል ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው፤ ጀሪካኑን ለምትሸከመው ግን ከባድ ነው። አራሷ ገና ጀርባዋ አልጠናም። ስለዚህ ውሃውን ባል ይቅዳ፤ አህያ ያለው በአህያ ይጫን። ጨርቅ ማጠብም የሴት ሥራ ብቻ ነው የተባለ ነገር የለም። አባት የልጁን ጨርቅ ሲያሰጣ ጎረቤት ቢስቅ፣ ሳቁ ሁለት ቀን ነው።

መንገድ ሲኬድ ወይም ውሃ ሲጠፋ ዳይፐር ቢያዝ ክፋት የለውም። ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፎ፣ ዳይፐሩን ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። በክረምት ደግሞ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ሰኔ ሳይገባ አምስት ስድስት ጨርቅ መጨመርና ከጣራው ጠርዝ በታች፣ ጭስ በማይደርስበት በኩል፣ አንድ ገመድ መወጠር ያስፈልጋል።