የማርሽ ልውውጥና የፍሪሲዮን ቃጠሎ፦ በመርሳ፣ በሲሪንቃና በወልድያ መንገድ ለሚሠሩ አሮጌ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች የቀረበ ስሌት

ፍሪሲዮኑ የተቃጠለ ባጃጅ ጋራዥ ሲገባ በቅድሚያ የሚቀየረው ሸራው ነው። ሸራው ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ያው ተሽከርካሪ በዚያው ችግር ቢመለስ ግን ጥፋቱን ሸራው ላይ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በአሮጌ ሞተሮች መካከል ክፍሎች ሲለዋወጡ የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ቢሆንም፣ ለቃጠሎው ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው ማርሽ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ በተለይ ከመርሳ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ ለሚወጣ፣ ተሳፋሪና ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ቆሞ ለሚነሣ ባለባጃጅ የዕለት ገቢ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ክፍሎቹ ከሞተር ወደ ሞተር ለምን እንደሚገጥሙ መረዳት ያስፈልጋል። የኢጣሊያው ፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም.፣ በእርሷ ላይ የተመሠረተችውን ባለሦስት እግር አፔን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበ። የሕንዱ ባጃጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፒያጆ ፈቃድ ማምረት ጀመረ፤ ፈቃዱ በ1971 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ምርቱን ቀጠለ። በዚህ ምክንያት የባለሁለት ምቱ የባጃጅ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 57 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስም 57 ሚሊሜትር ነው፤ ይዘቱ 145.45 ሲሲ ይሆናል። ይህ የአሮጌዋ ባለ150 ቬስፓ ልክ ነው። የእኛ መካኒኮች ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሏቸው ክፍሎች ስማቸው ከኢጣሊያ በቀጥታ፣ ብረቱ ግን በሕንድ ዞሮ መድረሱን ልብ ላለ ሰው የዝምድናው ነገር አይገርመውም።

በዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ በክራንክ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ጥርሰኛ ማርሽ ይይዛል። ትንሹ ማርሽ ትልቁን ያዞራል፤ ከትልቁ ጋር የተያያዙት ማርሾች ደግሞ በውጪ ዘንጉ ላይ በነፃነት ከሚዞሩት የአንደኛ፣ የሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ማርሾች ጋር ዘወትር እንደተነካከሱ ይኖራሉ። ማርሽ ሲገባ በዘንጉ ውስጥ የሚንሸራተት መስቀል መሰል ብረት ከአራቱ አንዱን ከዘንጉ ጋር ያስራል።

የልውውጡ አደጋ የሚጀምረው ከፍሪሲዮኑ ጋር በተያያዘው ትንሽ ማርሽ ነው። ምሳሌውን የጥርስ ቁጥሯ በሰፊው ከሚታወቀው ከቬስፓ ፒኤክስ ልውሰድ። ባለ125ዋ 20 በ68፣ ባለ150ዋ 21 በ68፣ ባለ200ዋ 23 በ65 ጥርስ አላቸው። የትልቁን ጥርስ ቁጥር ለትንሹ ስናካፍል የሚገኘው ውድር በቅደም ተከተል 3.40፣ 3.24 እና 2.83 ነው። የጥርሶቹ ድምርም 88፣ 89 እና 88 ነው፤ ድምሩ የሚቀራረበው በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጾ የማይለወጥ ስለሆነ ነው። ባለ23 ጥርሱን ፍሪሲዮን ከባለ68 ጥርሱ ማርሽ ጋር ለማዋል የሚሞክር ሰው ድምሩ 91 ስለሚሆንበት መደበኛ ጥርሶች ቦታ አይበቃቸውም። ይህ ስሕተት ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ጥንዱ በሙሉ ተቀይሮ ያለ ድምፅ ሲገጥም ነው።

ውድሩ ከ3.40 ወደ 2.83 ሲወርድ በጎማው ላይ የሚደርሰው ጎታች ኃይል በ17 በመቶ ይቀንሳል። ቀላል ተሳፋሪ ለያዘች ሞተርሳይክል ይህ ፍጥነት ነው፤ ሦስት ሰውና ጆንያ ለጫነ ባጃጅ ግን ዕዳ ነው። በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይታከላል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሁለቱን ስናባዛ ውጤቱ 0.69 ነው፤ ማለትም ተሽከርካሪው ባሕር ወለል ላይ በፋብሪካው ማርሽ ሊኖረው ከሚችለው ጎታች ኃይል ሲሦው ገደማ የለም።

ይህ ከፍሪሲዮን ጋር ምን አገናኘው? እንዲያውም በደጋ አገር የሞተሩ ኃይል ስለሚቀንስ ጤነኛ ፍሪሲዮን ከቆላው ያነሰ ጫና ሊኖርበት ይገባ ነበር። መልሱ በመነሻው ቅጽበት ላይ ነው። ባጃጁ ከቆመበት ሲነሣ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ገና ነው፤ ልዩነቱ በሸራው ሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞተሩ በአንድ ዓይነት ዙርና ኃይል ቢሠራ፣ በሜዳ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ተሽከርካሪው ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው። ከላይ ባየነው ልውውጥ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ፍጥነት በ1.2 እጥፍ ከፍ ይላል፤ ጉልበቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ሙቀቱ 1.45 እጥፍ ይሆናል።

ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ዳገቱ ወደ ኋላ የሚስብበት ኃይል ቀድሞ ከነበረው ጎታች ኃይል ግማሹ ነው እንበል። በፋብሪካው ማርሽ ለመፋጠን የሚተርፈው ከመቶ 50 ነበር፤ ከልውውጡ በኋላ 33 ብቻ ይቀራል። መነሻው ይረዝማል፣ ሸራውም በዚያው ልክ ረዘም ላለ ጊዜ ይፋተጋል። ስሌቱ ሲጠናቀቅ በአንድ መነሣት የሚፈጠረው ሙቀት ከቀድሞው 1.8 እጥፍ ይሆናል። አዲስ ሸራ ይህን ሊያስተካክል አይችልም፤ ጠንካራ ሞላ ቢጨመርም መንሸራተትን ይከላከል እንደሆነ እንጂ የመነሻውን ሙቀት አይቀንስም፤ የሾፌሩን እጅ ግን ያደክማል።

ስለ ባለአራት ምቱ ሞተር አንድ ነገር ላክል። 173.5 ሲሲ የሆነው የባጃጅ ሞተር የሲሊንደር ስፋቱ እንደ አሮጌው 57 ሚሊሜትር ሲሆን የፒስተኑ ምልልስ 68 ሚሊሜትር ነው። የስፋቱ መመሳሰል «ያው ሞተር ነው» ያሰኛል። ይሁንና ባለአራት ምት በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተኩስ፣ አማካይ ኃይሉ እኩል ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ምት የሚሸከመው ሥራ ከባለሁለት ምቱ እጥፍ ነው። የአንድ ፍሪሲዮን አቅም የሚወሰነው በሰበቃው መጠን፣ በሞላዎቹ ግፊት፣ በሸራው አማካይ ራዲየስና በሚነካኩት ገጾች ብዛት ብዜት ነው። ስለዚህ የጥርስ መያዣው ስለገጠመ ብቻ የባለሁለት ምቱን ፍሪሲዮን ወደ ባለአራት ምቱ ማዛወር አይገባም፤ ገጾቹ መቆጠር፣ ሞላዎቹም መለካት አለባቸው።

ዘይቱም ቢሆን መታየት አለበት፦ ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ሰበቃ ቀናሽ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ጤነኛውንም ሸራ ያንሸራትታል። ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለዚህ ሥራ የተለየ ነው።

ለጥናትም ሆነ ለጥገና ሞተሩ በተከፈተ ጊዜ የትንሹና የትልቁ ማርሽ ጥርሶች ተቆጥረው ከቀድሞው ማርሽ ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል፤ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲሱ ውድር ከቀድሞው ካነሰ ልዩነቱን በመቶኛ ማስላትና ለባለንብረቱ መንገር ያስፈልጋል። መስቀሉ ሲቀየር የሚነክሳቸው የማርሽ መስኮቶች ጠርዝም አብሮ ይታይ፤ በተበላ ጠርዝ ላይ አዲስ መስቀል ማስገባት ማርሹ ዳገት ላይ እንዲዘል ያደርገዋል።

የቁልቁለቱ ጉዳይም በዚሁ ወረቀት ላይ መግባት ይኖርበታል። ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ሲወረድ ሞተሩ በማርሽ ተሽከርካሪውን የሚይዝበት ኃይል ከውድሩ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ በዳገቱ የጎደለው 17 በመቶ በቁልቁለቱም ይጎድላል። የባለሁለት ምት ሞተር የመያዝ አቅም ከመነሻውም ደካማ ነው፤ ስለዚህ ቀሪው ጫና የሚያርፈው በፍሬን ሸራው ላይ ነው። ውድሩ የተለወጠ ባጃጅ ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ከፍሪሲዮኑ እኩል ፍሬኑ የሚፈተሸው ለዚህ ነው።