መብላት ለተሳነው ሕመምተኛ በቱቦ ስለ መመገብ

ምግብ የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ሰው በታመመ ጊዜ ምግቡ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ለመብላት የሚሳነው ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በቀጭን ቱቦ ስለሚመገብበት ሁኔታ በዚህ ወር ትምህርታችን ባጭሩ እናስረዳለን።

በብቸናና በሞጣ ከተሞች ሆስፒታል አለ። ወላጅ ግን በልጁ አፍንጫ ቱቦ ሲገባ ባየ ጊዜ «አበቃለት» ብሎ ሊደነግጥ፥ ልጁንም አቅፎ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሊነሣ ይችላል። ይህ ድንጋጤ ሕይወት ያስጠፋል። ቱቦው አቅም እስኪመለስ የሚያገለግል ምርኩዝ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

፩ኛ፤ ለማን ያስፈልጋል?

በጽኑ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። በሆስፒታል የታዘዘለትን ወተት ከአራት እጅ ሦስቱን እንኳ መጨረስ ካልቻለ፥ ወይም ያለማቋረጥ ካስመለሰው በቱቦ ይረዳል። ከዐዋቂዎችም አንጎሉ ደም ፈስሶበት መዋጥ የተሳነው፥ ራሱን የሳተ፥ የምግብ መውረጃው በዕጢ የጠበበ ሰው ይህን ሊሻ ይችላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. በለንደን ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ሀንተር መዋጥ ለተሳነው ሰው ምግብ በቱቦ ወደ ጨጓራው እንዲወርድ አድርጓል።

፪ኛ፤ እንዴት ይፈጸማል?

ነርሷ የቱቦውን ርዝመት ከአፍንጫ እስከ ጆሮ፥ ከዚያም እስከ ሆድ ለክታ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ታወርደዋለች። ከመመገቧም በፊት ጥቂት ፈሳሽ ስባ የጨጓራ መሆኑን ትመረምራለች፤ ቱቦው ወደ ሳምባ ገብቶ ቢሆን ወተቱ ይገድላልና። ወተቱ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ በኀይል አይገፋም።

በመጀመሪያው ጊዜ የሚሰጠው ወተት ኤፍ 75 ይባላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። በጣም የከሳ ሰውነት ከባድ ምግብ በድንገት ቢያገኝ በደም ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፥ ልብም ይደክማል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፥ ቀንና ሌሊት ይሰጣል። በየጊዜው አስቀድሞ በአፍ ይሞከራል፤ የሚጠባም ሕፃን ጡቱን አይከለከልም። ፍላጎቱ ሲመለስ ቱቦው ይወጣል።

፫ኛ፤ ስለ መጋት

አንዳንድ ሰው «ቱቦ ምን ያደርጋል፥ እኛው እንጋተው» ይላል። ደካማ ሕፃን ሲጋት ግን ትን ይለዋል፤ ወተቱም ወደ ሳምባው ይገባል። ስለዚህ ሕፃን መጋት ፈጽሞ መቅረት አለበት።

፬ኛ፤ የአስታማሚ ተግባር

ሀ/ ቱቦውን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ።
ለ/ ሕመምተኛው ሲመገብና ከዚያም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ራሱን ከፍ አድርጎ ማስተኛት።
ሐ/ አፉንና ከንፈሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ።
መ/ አጥሚትም ሆነ ሌላ ነገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቱቦው አለመጨመር።
ሠ/ ሲያስለው፥ ሲያስመልሰው ወይም ትንፋሹ ሲያጥር ምግቡን አስቁሞ ነርስ መጥራት፤ ቱቦው ቢወጣም በራስ እጅ አለመመለስ።

፭ኛ፤ ለመምህራን

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ መኻል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፥ ወይም ሁለቱ እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ የሚሰረጉዱ ከሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ይህን ለተማሪዎቻችሁ ብታስተምሩ፥ እነርሱ ማታ ለእናቶቻቸው ይነግራሉ፤ ታናናሽ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸውም ይተርፋሉ።