ቀንዳሙ ትልና የትንሣኤ ትምህርት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቂሳርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲያስተምር፣ የትንሣኤን ነገር ለሚጠራጠሩ ሰዎች አንድ ትል በምስክርነት ጠርቷል። ትሉም ሐር የሚገኝበት የሕንድ ቀንዳም ትል ነው። እኛ የሐሩ ትል በደጃችን ባይኖርም ቀንዳም ትል አላጣንም። እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ ይፋት ቆላ ባለ ሞቃት አገር፣ በስኳር ድንች ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ጭራው ላይ ቀንድ የቆመለት አረንጓዴ ወይም ቡናማ ትል አለ። ወገኑ ከሐር ትል የተለየ ነው። ቀንዱ አይናደፍም፤ ልጆች በከንቱ ይፈሩታል።

ለማሳደግ አፉ በሻሽ የተሸፈነ ሰፊ ማሰሮ ወይም ካርቶን ይበቃል። ቅጠሉ በየዕለቱ ትኩስ፣ ውኃው የተጠረገና የተባይ መድኃኒት ያልነካው ይሁን። አትክልት በሚረጭበት ማሳ አጠገብ የተቀጠፈ ቅጠል ትሉን ይገድለዋል (እኛስ ሳናጥብ ስንበላ?)። ስኳር ድንቹ የገበሬው ቀለብ ስለሆነ ከሁለት ሦስት ትል በላይ አንሰብስብ። ትሉ የጣት ያህል ወፍሮ፣ መብላት ትቶ ወዲያ ወዲህ ሲቅበዘበዝ ስንዝር ያህል ለስላሳ አፈር ይፈልጋል። እዚያ ገብቶ ቆዳውን ይጥልና ቡናማ ሽፋን ለብሶ ይተኛል። ከራሱ ሥር እንደ ጀበና እጀታ የታጠፈ ነገር ይታያል፤ ምላሱ የሚሠራው በዚያ ውስጥ ነው። በሙቀት ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ትልቅ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ምላሱ ሲዘረጋ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከገላው ይረዝማል። ክንፉን አንጠልጥሎ እንዲያደርቅ እንጨት ካላቆምንለት ክንፉ ተጨማድዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። «ትሉ ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ይነሣል» እያልን ሕፃናትን የምናስተምር ብዙዎች ነን። ነገር ግን የተኛውን በጣቱ የነካ ሕፃን ወገቡን ሲያወዛውዝ ያየዋል። «አልሞተም እኮ!» ቢለን ምን እንመልሳለን? የጌታችን ሞት እውነተኛ ሞት ነው፤ ያልሞተ ትል ምሳሌ ሊሆነው አይችልም። ቅዱስ ባስልዮስም ትሉን የጠራው ስለ ሞት ሳይሆን ስለ መለወጥ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ስለ ጻፈው ለውጥ ነው። ስለዚህ ማሰሮውን በሕፃናት ክፍል ስናስቀምጥ አንደብቀው። ከተኛ ሳምንት ሲሞላውና ሽፋኑ ሲጠነክር አፈሩን በዝግታ ገለጥ አድርገን፣ ሲንቀሳቀስ ይዩት፤ ከዚያ መልሰን እንሸፍነው።