ለልብ የሚበጅ ምግብ ለብቻ ሳህን አይፈልግም

ዛሬ ስለ ልብና ስለ ዕለት ምግባችን እንወያያለን።

«ኤች አይ ቪን ከልብ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ ወገኖቻችን ረጅም ዕድሜ መኖር ችለዋል። ይሁንና ቫይረሱ በመድኃኒት ቢገታም በሰውነት ውስጥ የሚቀረው መቆጣት የደም ሥርን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ለልብና ደም ሥር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

በቡሹሎ ከወጣቶች ጋር ስሠራ አንዲት ተማሪ «የእህቴ ሳህን ድሮም ለብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ለልቧ ተብሎ ምግቧም ለብቻ ሊሠራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በፍጹም! ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ለልብ የሚበጀው ምግብም ለእሷም ለእናንተም አንድ ነው።

ታዲያ ምን እንምረጥ?

1. ዘይትና ቅቤ፦ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ይህ ቅባት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የሱፉ ዋጋ ከከበደ፣ የምንጨምረውን መጠን እንቀንስ። ቅቤም እንደ ፓልም ነውና ቡርሳሜ ይቅር ባልልም ቅቤው ይቀነስለት።

2. አሳ፦ የሐይቃችን ቆሮሶ የሚረጋ ቅባቱ ትንሽ ነው። በዘይት ከሚጠበስ ይልቅ ወጥ ቢሠራ ይመረጣል።

3. ጥራጥሬና አትክልት፦ በቦሎቄ፣ በምስርና በሽሮ ያለው አሰር ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንድንበላ ይመክራል። ጎመንና ሙዝ ከደጃችን አሉ።

4. ጨው፦ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በዳቦና በበርበሬ ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓትስ? ከቦምቦሊኖና ከሳምቡሳ ይልቅ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም አቮካዶ ምረጡ።

ልብ በሉ! ምግብ መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ፣ ከሲጋራ መራቅና የደም ግፊትን መለካት የግድ ናቸው።

በቤታችሁ ለብቻ የሚቀመጥ ሳህን ካለ ግን ዛሬውኑ ወደ ጋራው ማዕድ መልሱት። አብሮ መብላት እህትን ያስታምማል፣ የሁሉንም ልብ ይጠብቃል።