ስድስቱና አራቱ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት፣ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይዞ የመጀመሪያ አልበሙን መሥራት የሚፈልግ ወጣት ዛሬ የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። ጃዝ፣ ፈንክና ሂፕሆፕ ይወዳል፤ የሀገሩም ዜማ አለው። ብዙዎች ግን ሥራውን ከላይ ይጀምሩታል፦ ከውጭ የመጣ ቢት ያስቀምጡና ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ይደርቡበታል። ውጤቱ ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ የተከፈተ ይመስላል። ማሲንቆው ምንም አላጠፋም። ውህደት ከዜማው አይጀምርም፤ ከባሱና ከከበሮው ነው የሚጀምረው። ይህን በደንብ ለመረዳት ወደ ዋልያስ ባንድ መመለስ ይጠቅማል።

ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው «ቸ በለው» ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ባሱን መላኬ ገብሬ፣ ድራሙን ተማረ ሐረጉ ይጫወታሉ። በዚህ አልበም ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን የግርማ በየነ ድርሰት ፈልጉና መጀመሪያ ሳክስፎኑንና ትራምፔቱን እንዳልሰማችሁ ሁኑ። ባሱን ብቻ ተከተሉት። አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ከድራሙ ጋር ተቆላልፎ አይላቀቅም። ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው።

ባሱ ለምን እንዲህ ይመላለሳል? መልሱ ቅኝታችን ውስጥ አለ። ትዝታ ሜጀርን ብንወስድ ድምፆቹ አምስት ናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉም። የተለመደው የጃዝ አካሄድ ደግሞ በ12ቱም ድምፆች ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ኮርድ ከኮርድ እየተቀያየረ ይጓዛል፤ ባሱም ወደ ፋ መሄዱ አይቀርም። ባሱ ፋ ላይ ባረፈ ቅጽበት ጆሯችን ትዝታውን ያጣዋል። ዜማው አንድም ድምፅ ሳይሳሳት ቀለሙ ይጠፋል። ሙላቱ አስታጥቄ፣ ቦስተን በርክሊ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ካሳተመበት ጊዜ ጀምሮ ሲታገለው የኖረው ጉዳይ ይኸው ነው፦ አምስቱን ድምፅ ከ12ቱ ጋር ማስማማት፣ ቅኝቱንም አለማጣት።

ፈንክ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ዋለልን። ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1967 «ኮልድ ስዌት»ን ሲያወጣ የኮርድ ለውጡን ወደ ጎን ብሎ አብዛኛውን ዘፈን አንድ ቦታ ላይ አቆመው፤ የሚንቀሳቀሰው ምቱ ነው። አንድ ቦታ የሚቆም ሙዚቃ ቅኝትን አይረብሽም። ባሱ በዶ፣ በሶልና በላ መካከል ሲመላለስ ትዝታው እንደ ትዝታ ይኖራል፤ ሰውነትም ይወዛወዛል። በእኔ እምነት ፈንክ ከሌሎቹ የአሜሪካ ስልቶች ሁሉ ይበልጥ ለእኛ ዜማ የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ምቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፈንክና ሂፕሆፕ በአራት ይቆጠራሉ፤ የእኛው ምት ችክችካ በስድስት። እንዴት ይታረቃሉ? ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡና ይህን ሞክሩ። ከ1 እስከ 6 በእኩል ፍጥነት ቁጠሩ። እግራችሁን 1 እና 4 ላይ ምቱ። እጃችሁን 1፣ 3 እና 5 ላይ ምቱ። እጅና እግር የሚገናኙት 1 ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ያሳድደዋል። መጀመሪያ ያምታታል፤ ቀስ እያላችሁ ደጋግሙት።

እጃችሁ ሲለምድ ሁለቱን ዙር አገጣጥሙና እስከ 12 ቁጠሩ። እግራችሁ አሁን 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ያርፋል። አራት ምት ሆነ ማለት ነው! ኪኩን 1 እና 7 ላይ፣ ስኔሩን 4 እና 10 ላይ አድርጉት፤ ጭንቅላት የሚያስነቀንቀው የሂፕሆፕ ምት ይመጣል። እጃችሁ ግን አሁንም በጎዶሎ ቁጥሮቹ ላይ ነው፤ ስኔሩ የሚወድቀው እጅ ዝም ባለበት ክፍተት ነው፦ በ3 እና በ5፣ በ9 እና በ11 መካከል። ቦታ አይሻሙም። ቢት መሥሪያ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ሲከፈቱ አንዱን ባር በ16 ከፍለው ነው የሚያሳዩት፤ በዚያ መስመር ላይ ችክችካ ለማስቀመጥ የሚሞክር ሰው ምቱ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። መፍትሔው ክፍፍሉን ወደ 12 መቀየር ነው።

ሂፕሆፕ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ከታችኛው ክፍል፣ ከከበሮው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ በአንድ ግብዣ ላይ ሸክላ ሲያጫውት፣ ዘፈኑ ቆሞ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ክፍል በሁለት ማጫወቻ እየመለሰ አስረዘመው። በኋላ ይህ ልማድ ሳምፕል፣ ማለትም ከሸክላ ቆርጦ መጠቀም ሆነ። ናስና ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሲሠሩ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ነው የቆረጡት። ሊቆረጥ የቻለው ደግሞ መጀመሪያውኑ በሚመላለስ ሐረግ ላይ የተሠራ ስለሆነ ነው። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያም ቢሆን አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ከነዳ በኋላ የቆዩ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንደገና ሲታተሙ፣ አድማጮቹ ከእነዚያ ቀረጻዎች በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ጭምር ነበሩ።

ስለዚህ ሥራውን ከታች ጀምሩ። አንድ ቅኝት ምረጡና ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱን ብቻ ለባሱ ስጡት። ከበሮውን በ12 ክፍፍል አስቀምጡ። ማሲንቆውን፣ ራፑን፣ ኪቦርዱን ገና አታስገቡ። ባሱንና ከበሮውን ብቻ ለጓደኛችሁ ክፈቱለትና ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ተመልከቱ። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ባሱ ተመለሱ።