እናቴ ከመታመሟ በፊት የሰጠችኝ ውክልና ዛሬም ይሠራል?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ያለው ቤት በእሷ ስም ነው። ሐኪሞች አልዛይመር ነው ካሉን ሁለት ዓመት ሆነ፤ አሁን የእኔም ስም እየጠፋባት ነው። ከመታመሟ በፊት ጠቅላላ ውክልና ሰጥታኝ ነበር። ለማስታመሚያ ቤቱን ለመሸጥ ይበቃኛል? ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ውልና ማስረጃ ወስደሽ አዲስ አስፈርሚያት» ይለኛል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያበርታዎ። የወንድምዎን ምክር አይከተሉ። የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው እናት የቤት ሽያጭ ውክልና ምን እንደሚያስከትል ተረድተው ይፈርማሉ ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ሰነድ አረጋጋጩም የፈራሚውን ችሎታ የማጣራት ግዴታ አለበት። ባያስተውል እንኳ ነገ ማንም ወራሽ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያነሳው የሚችል ክርክር በእጅዎ እየጻፉ ነው።

በያዙትም ውክልና ቤቱን አይሽጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረት መጠበቅ የመሳሰለው ነው። ቤት መሸጥ በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ በተለምዶ «ጠቅላላ» የምንላቸው ሰነዶች ብዙ ጊዜ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ስላለባቸው ይህን ፈተና ሊያልፉ ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ግን ቁጥር 2232ን ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና የሚቀረው ወካዩ ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ችሎታውን ሲያጣም ይቀራል። ስለዚህ ሰነድዎን አውጥተው እናትዎ ችሎታ ቢያጡም ውክልናው እንዲቀጥል የሚል አንቀጽ እንዳለው ይመልከቱ። ከሌለው፣ ማኅተሙ ቢኖርም ሥልጣኑ አልቋል የሚል ክርክር ይጠብቅዎታል፤ ገዢውም አብሮዎት ይከሰሳል። ቢኖረው እንኳ፣ ቤትን ያህል ነገር በእሱ ብቻ ተማምነው እንዲሸጡ አልመክርም።

ትክክለኛው በር ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት ማመዛዘን ያልቻለ ሰው በፍርድ እንዲከለከልና ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል፤ ቁጥር 339 እና 351 ይመለከቱታል። አቤቱታውን ሕመምተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ አለበለዚያም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል። የሐኪም ማስረጃ፣ የልጅነት ማስረጃና እናትዎን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮች ያዘጋጁ። ዳኛው እናትዎን ማየት ይፈልጋል። መምጣት ካልቻሉ ከዳኞች አንዱ ወይም የተሾመ ባለሙያ ባሉበት እንዲያያቸው ያመልክቱ። ወንድምዎ በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲ ያረጋገጠውን ስምምነት ቢልክልዎ የነገ ጠብ ይቀንሳል።

መከልከል የሚለው ነገር ልጅን እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ እናትን መካድ የሚመስላቸው አሉ። የሚደረገው ግን ለእሳቸው ጥበቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አታላይ ወረቀት ቢያስፈርማቸው ሞግዚቱ ሰነዱን በቀላሉ ያስፈርሳል። ይልቅ አቤቱታውን ጠባብ ያድርጉት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ሰው በሚችለው መጠን ራሱ እንዲወስን መደገፍን ያስቀድማል። የዕለት ወጪያቸውን፣ የሚለብሱትን፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ መምረጥ ከቻሉ ይህ እንዲተውላቸው ይጠይቁ። ሞግዚት ሆነው ቢሾሙም ቤቱ የእርስዎ አይሆንም፤ ለሽያጩ ለብቻው የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፣ የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ይያዙ።

ከክልከላው በፊት የተፈረመ ነገር ካለስ? ሕመማቸው በሕጉ አነጋገር በግልጽ የታወቀ ካልሆነ፣ ሲፈርሙ በነጻ ፈቃድ መስማማት በማይችሉበት ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የማስረዳት ሸክም አለብዎ። እዚህ ላይ ቀን ያለበት የሐኪም ካርድ ከብዙ ምስክር ይበልጣል።

ይህን ለሚያነቡና ምርመራው ገና ትናንት ለተነገራቸው ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። አልዛይመር ነው መባል ብቻውን መብት አያሳጣም። ችሎታ እንዳለ ይገመታል፤ የለም የሚለው ወገን ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ ሕመምተኛው ነገሩን በሚረዳበት ጊዜ፣ ችሎታ ቢጠፋም የሚቀጥል ውክልና መስጠትና በ4 ምስክሮች ፊት በግልጽ ኑዛዜ ማድረግ ይችላል። በዚያው ሳምንት የሐኪም አስተያየት ቢያያዝበት መልካም ነው። ከፍርድ ክልከላ በኋላ አዲስ ኑዛዜ ማድረግ አይቻልም። ባለትዳሮችም አንድ ነገር ይወቁ፦ የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ ጤነኛው ብቻውን አይሸጥም።

መጨረሻ ላይ፣ ያልጠየቁኝን ልመልስ። ሥራ ትተው ብቻዎን እያስታመሙ ከሆነ፣ ወንድምዎ የሚልከው ገንዘብ ውለታ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል፤ ቀለብ ደግሞ ምግብና መጠለያ ብቻ ሳይሆን ሕክምናንም ይጨምራል። በመጀመሪያ በሽማግሌ ይነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያድርጉት። እምቢ ካለ የቀለብ ክሱን በእናትዎ ስም፣ በሞግዚትነትዎ ማቅረብ ይችላሉ።