ጄኔራል ዊለር፦ ከጥቅሱ በስተጀርባ

ስለ አሜሪካዊው ጄኔራል ጆሴፍ ዊለር የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ አንዲት ጩኸት ነው። ጁን 24 ቀን 1898 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኩባ ውስጥ፣ ላስ ጓሲማስ በተባለ ቦታ የአሜሪካ ጦር ከስፔን ጦር ጋር ገጠመ። ስፔኖቹ ማፈግፈግ ሲጀምሩ የ61 ዓመቱ ዊለር በደስታ ሰክሮ “ያንኪዎቹን አባረርናቸው!” ብሎ ጮኸ ይባላል። ያንኪ ማለት በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የደቡብ ግዛቶች ሰዎች የሰሜኖቹን የሚጠሩበት ስም ነው። ሽማግሌው ስፔኖቹን ከ33 ዓመት በፊት ሲዋጋቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር አምታታ ማለት ነው። የጩኸቱ ቃላት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያሉ፤ ጠቃሹ ግን ብዙ ነው።

እኔም ሳነበው ስቄያለሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ግን ስቆ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም። እንዲህ ያለች ጥቅስ የሰውየውን ሕይወት ትሸፍናለችና።

ዊለር በ1836 ጆርጂያ ውስጥ ተወለደ። በ1859 ከዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ተመረቀ። በ1861 ባርነትን ላለማጣት ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጎን ተሰለፈና ገና በ26 ዓመቱ የፈረሰኞች ሜጀር ጄኔራል ሆነ። በ1864 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ጆርጂያን አቋርጦ ወደ ባሕር ሲገሰግስ፣ ከኋላ እየተከተለ ሲነካካው የነበረው የዊለር ፈረሰኛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሸርማን ጦር ኋላ ከባርነት ያመለጡ ብዙ ጥቁሮች ይከተሉ ነበር፤ ሴቶችና ሕፃናትም አሉበት። ዲሴምበር 9 ቀን ኢቤኔዘር የሚባል ወንዝ ጋ ሲደርሱ የሰሜኑ ጄኔራል ጄፈርሰን ሲ. ዴቪስ (ከደቡቡ ፕሬዚዳንት ጋር ሞክሼ ናቸው) ወታደሮቹን አሻግሮ ሲያበቃ ተንሳፋፊውን ድልድይ አስነሳው። ሕዝቡ ወዲያ ማዶ ቀረ። ከፊቱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከኋላው የዊለር ፈረሰኞች። ብዙዎች ውሃው ውስጥ ዘለው ሰመጡ። ከቀሩት ብዙዎቹ ተይዘው ወደ ባርነት ተመለሱ። ድልድዩን ያነሳው ዊለር አይደለም፤ ሰዎቹ ከማን ይሸሹ እንደነበር ግን ግልጽ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አላባማ ውስጥ ጥብቅናና የጥጥ እርሻ ያዘ። በ1880 ለኮንግረስ ተመረጠ ተባለ፤ ተፎካካሪው ዊሊያም ሎው ውጤቱን ተቃውሞ ሲከራከር ቆየና በ1882 ወንበሩን ወሰደበት። ሎው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሞት ዊለር በማሟያ ምርጫ ተመለሰ። ከ1885 እስከ 1900 ደግሞ ከኮንግረስ አልጠፋም። በ1898 ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ የጄኔራልነት ማዕረግ ሰጡት። ማኪንሌይ ራሳቸው በሰሜኑ ጦር የተዋጉ ናቸው፤ ሹመቱ ለሰሜንና ለደቡብ ነጮች ዕርቅ ጥሩ ምልክት ነበር። ጥቁሮቹን ያስታረቀ ግን የለም፤ አላባማ በ1901 ባወጣችው ሕገ መንግሥት አብዛኞቹን ከመራጭነት አስወጣቻቸው።

ላስ ጓሲማስ ላይ ዘጋቢ አልጠፋም። ሪቻርድ ሃርዲንግ ዴቪስና ስቲቨን ክሬን እዚያ ነበሩ። ኤድዋርድ ማርሻል ደግሞ አከርካሪውን በጥይት ተመትቶ መሬት ላይ ተጋድሞ ዘገባውን በቃል አስጽፏል (የሙያው ዋጋ እዚህ ድረስ ነው!)። በዚያው ቀን በዊለር ሥር ከተዋጉት መካከል ጥቁር ወታደሮች የነበሩበት 10ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ይገኝበታል። ከኢቤኔዘር ወንዝ ወዲህ 34 ዓመት እንኳ አልሞላም። ለእኔ ከጩኸቱ ይልቅ ዜናው ይሄ ነው።

ዊለር በ1906 ሞቶ አርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበረ። አላባማ በ1925 በዋሽንግተን ካፒቶል ሐውልቱን አቆመችለት። ኢቤኔዘር ወንዝ አጠገብ ስለሰመጡት ሰዎች የሚናገር የታሪክ ምልክት የተተከለው በ2010 ነው።